መርፌዋ አርባ ስትል

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ፈረስ ነው። «ሹፌር ስለ ፈረስ ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። በዕድሜዬ ብዙ መኪና ነድቻለሁ፤ የብዙዎቹን መልክ እንኳ ረስቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ያልተቀመጥኩበትን የሱሉልታውን ቦራን ግን እስከ ዛሬ በዓይኔ አየዋለሁ።

ጊዜው ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ ታደሰ ያኔ ሚስት ያላገባሁ፣ ፀጉሬን በቅባት የማስተኛ ጎረምሳ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ እንጦጦን ተሻግሬ ወደ ሱሉልታ እወርድና ጫንጮ ደርሼ የምመለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ሹፌርነት በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ምሳ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ ልጃገረድ ያላቸው እናቶች «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። ኩራቴ ግን በፍጥነት አልነበረም። የኔ ኩራት ልክ ማወቅ ነበር። የፍጥነት ቆጣሪዋን መርፌ አርባ ላይ አቁማት ካሉኝ፣ ዳገትም ቢሆን ቁልቁለት አርባ ላይ አቆማታለሁ። በዚህ ነገር ብዙ ጉራ ነዝቻለሁ።

ከእንጦጦ ወርደን ሜዳውን ስንይዝ፣ ከመንገዱ ዳር ብቻዋን የቆመች አንዲት ጽድ ነበረች። ከእሷ ወዲያ እስካለው ድልድይ ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዳር ዳሩ ሣር ነው። አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ከጽዷ ሥር አንድ ፈረሰኛ ሽማግሌ ብቅ አሉና ከአውቶቡሷ ጎን ይጋልቡ ጀመር። ተሳፋሪው በመስኮት ተንጠልጥሎ ጩኸቱን አቀለጠው። ድልድዩ ላይ እኩል ደረስን፤ እኔም ገርሞኝ ቆምኩ።

«ሲቢላው ምን አለ?» አሉኝ። ሲቢላ በኦሮምኛ ብረት ነው፤ መኪናዋን ማለታቸው ነው።

«አርባ ብሏል፣ አባቴ። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር።»

«እንግዲያው ቦራም አርባ ነዋ!» አሉና የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረጉት።

እኚህ ሰው ኦቦ ገመቹ ናቸው። የሜዳው ገበሬ ናቸው፤ እህልም ያርሳሉ፣ ድርቆሽም ይሸጣሉ። ገመቹ ብሎ የሚጠራቸው ግን አልነበረም። በአገሩ ወግ የተከበረ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፤ እሳቸውም «አባ ቦራ» ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቅዳሜው ከጽዷ ሥር ይጠብቁኛል። እኔ መርፌዋን አርባ ላይ አቆማታለሁ፤ ቦራ ጋማውን እያርገበገበ ከመስኮቴ ጎን ይጋልባል፤ ድልድዩ ላይ እኩል እንደርሳለን፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ወሬው ሩቅ ሄደ። «አርባ የሚጋልበው ፈረስ» ተብሎ፣ ባዝራ ያላቸው ሰዎች ዘሩን ፈልገው ከቡራዩ ሳይቀር ባዝሮቻቸውን እየሳቡ ይመጡ ጀመር።

ክረምት ሲሆን ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ስለዚህ ግልቢያው መስቀል እስኪያልፍ ይቋረጣል። በዚያ ክረምት የጫንጮ ጭቃ መከራችንን አበላን። አውቶቡሷ ሆዷ መሬት እየነካ ትቆማለች፤ ተሳፋሪው እየተራገመ ይገፋል። የአውቶቡሷ ባለቤት ሐጂ ከድር፣ ሱሉልታ ከተማ ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ፣ በመጨረሻ መርካቶ ወርደው ከበፊቶቹ ከፍ ያሉ፣ ወፋፍራም ጎማዎች ገዝተው መጡ። ገጠምናቸው። አውቶቡሷም ቁመት ጨመረች። በየቅዳሜው ቅቤ ይዘው ገበያ የሚወጡት እማማ ውድነሽ ሲሳፈሩ፣ «አንተ ልጅ፣ መሰላሉንም አብረህ አትገዛም ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ አላስቆመንም። ሁላችንም ጎማዎቹን መረቅን፤ ሌላ ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም።

መስቀል አለፈ፤ ሜዳው ደረቀ። ኦቦ ገመቹ ከጽዷ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። መርፌዋ አርባ ላይ፣ ቦራም ከጎኔ። ግማሽ መንገድ ላይ ዘወር ብል ፈረሱ ከኋላ ቀርቷል። ክረምቱን ታስሮ ስለከረመ ነው አልን። በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀረ። ከተሳፋሪው መሃል የሚስቅ ሰው ተገኘ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ስጠብቃቸው፣ ሽማግሌው ወርደው ፈረሱን በእጃቸው እየሳቡ መጡ። ድልድዩ ዳር ብዙ ሰው ነበር። ከሰበታ የመጡት አቶ በላቸውም ነበሩ፤ በጋሪ ዱቄትና ድርቆሽ የሚያስጭኑ፣ ለጋሪ የሚሆን ፈረስ ፈላጊ ሰው ናቸው።

ኦቦ ገመቹ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦ «ሲቢላ አያረጅም፤ ፈረስ ያረጃል። ሰው ባዝራውን ይዞ የሚመጣው ቦራ አርባ ነው ስላልኩት ነው። አርባ ካልሆነ እኔ ቀጣፊ ነኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሲቢላው አርባ እያለ ቦራ እኩል ከደረሰ እሰየው። ካልደረሰ፣ በላቸው ለጋሪው ይውሰደው። እኔንም ከዚያ ወዲያ አባ ቦራ የሚለኝ አይኑር። የሌለኝን ስም ተሸክሜ አልሄድም።»

«ኧረ አባ ቦራ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰሙም?» አላቸው አንድ ጎረቤታቸው።

«ለዚሁ ነው እኮ!» አሉ።

ያን ሳምንት ምግብ አልበላልህ አለኝ። ቦራ የጉግስ ፈረስ ነው፤ ለጋሪ ሲታሰር በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኝ ነበር። ቅዳሜ ደረሰ። እንጦጦን ስወርድ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ነዳጁን ትንሽ ላላ አደርጋታለሁ፤ መርፌዋን ከእኔ በቀር ማን ያያታል? ይህን እያሰብኩ ጽዷ ጋ ደረስኩ። ሽማግሌው ወደ መስኮቴ ተጠጉ።

«አካም ቡልቴ፣ ታደሰ? እንዴት አደርክ?»

«ደህና አደሩ፣ አባ ቦራ?»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። «አርባዋን እንዳትነካብኝ። ዛሬ የሚያዝንልኝ ሰው ጠላቴ ነው» አሉ። ምን እንደማስብ ያወቁት በምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ራሴን ነቅንቄ ማርሽ አስገባሁ።

ተነሣን። መርፌዋ ሽቅብ ወጣችና አርባ ላይ ቆመች፤ እኔም እንደ ቃሌ አቆምኳት። የሞተሩን ድምፅ ጆሮዬ ያውቀዋል፤ እሱም አርባ ነው የሚለው። ቦራ ከጎኔ ነው። ሽማግሌው አንገቱ ላይ ተኝተዋል፤ አለንጋ አላነሡም፤ በኦሮምኛ እየለመኑት ይጋልባሉ። ፈረሱም የለመኑትን ያህል ሰጠ። ብዙ ፈረስ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላየሁም። መሬቱን የሚነካው አይመስልም ነበር። እንዲያም ሆኖ አንገቱ ከመስኮቴ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ኋላው ጎማ ቀረ።

በዚህ መሃል እማማ ውድነሽ ጮኹ። «አንተ ታደሰ! ቀስ በል እንጂ! መስኮቱ አፏጨብኝ!»

የእሳቸው መቀመጫ አጠገብ አንድ ስንጥቅ መስኮት ነበረ። ክረምቱን ዝናብ እንዳያስገባ በጨርቅ ወትፈነው ከርሞ፣ ያን ቀን ሞቀኝ ብለው ጨርቁን ነቅለውታል። ያ ስንጥቅ ድሮም ያፏጫል፤ ግን የሚያፏጨው እንጦጦን ቁልቁል ለቀቅ ሳደርጋት ብቻ ነበር። ሜዳ ላይ፣ በአርባ፣ አፏጭቶ አያውቅም።

«እማማ፣ አርባ ነው!» አልኩ።

«አርባ ይሁን ሃምሳ እኔ አላውቅልህም፤ ጆሮዬን በረደኝ!»

ሞተሩ አርባ ይላል። መርፌዋ አርባ ትላለች። ንፋሱ ግን ሌላ ይላል። ግራ ገብቶኝ ድልድዩ ላይ ደርሼ ቆምኩ። በመስተዋቱ ሳይ ኦቦ ገመቹ ሩቅ ላይ ወርደዋል፤ ቦራ አረፋ ደፍቆ ጎኑ ይመታል፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ወደ እኛ ይመጣሉ። አቶ በላቸው መሳቢያ ገመድ ይዘው ቆመዋል። የሚስቅ አልነበረም። እኔ የማንንም ፊት ላለማየት ወረድኩና ጎማውን ተደግፌ አቀረቀርኩ።

ጎማው ወገቤ ጋ ደረሰ። የድሮው ጎማ እኮ ከዚህ ዝቅ ያለ ነበር! ሰውነቴን አንድ ነገር ወረረኝ። ለካ መርፌዋ የምትቆጥረው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ እንጂ መሬቱን አይደለም!

«አባቴ!» ብዬ ጮህኩ። «ቦራ አልተሸነፈም! ቆጣሪዋ ናት የተሳሳተችው!»

ሽማግሌው ቀና እንኳ አላሉም። «ታደሰ፣ ቅድም ምን አልኩህ? አትዘንልኝ ብዬሃለሁ።»

«ኀዘን አይደለም! እስቲ ይንገሩኝ፣ ረጅም ሰውና አጭር ሰው እኩል እርምጃ ቢቆጥሩ የቱ ይርቃል?»

«ረጅሙ ነዋ።»

«አውቶቡሷ ክረምቱን እግሯ ረዝሟል። አንድ ዙር ስትዞር የበፊቱን ያህል አይደለም የምትሄደው። እሷ አርባ እያለች እኛ ከአርባ በላይ ነን።»

ሰዉ ተንጫጫ። ግማሹ «እውነቱን ነው» ይላል፤ ግማሹ «ሹፌሩ ወዳጃቸው ስለሆነ ነው» ይላል። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። «በወሬ ፈረስ አላስቀርም። ዱጋ ከሆነ፣ እውነት ከሆነ፣ አሳየኝ» አሉ።

እንግዲህ እንዴት አድርጌ ላሳይ? ዓይኔ ከድልድዩ ማዶ ካለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ላይ አረፈ። መንገዱን ተከትለው የተተከሉ ድንጋዮች ናቸው፤ በየቀኑ አልፋቸዋለሁ፤ ልብ ብዬ ግን አይቻቸው አላውቅም። በአርባ የሚሄድ መኪና ከአንዱ ድንጋይ እስከ ሌላው ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ ይህን ማንም ሹፌር ያውቃል። የጎደለኝ ሰዓት ነው። ዙሪያውን ሳይ ሰዓት ያሰረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አቶ በላቸው! ፈረሱን ሊወስዱ የመጡት ሰው።

«ሰዓቱን እርስዎ ይያዙልኝ» አልኳቸው። ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተሳፈሩ። ኦቦ ገመቹ ቦራን ለጎረቤታቸው ሰጡና ደረጃው ጋ ቆሙ። ያን ያህል ዘመን ከመኪና ጋር ሲጋልቡ፣ መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም ነበር።

«እግሬን የት ላድርግ?» አሉኝ።

ከአጠገቤ አስቀመጥኳቸው። መርፌዋን አሳየኋቸው፤ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ይህቺ ናት ቦራ ላይ የፈረደችው?» አሉ።

ነዳሁ። መርፌዋን አርባ ላይ አቆምኳት፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም። የመጀመሪያው ድንጋይ ጋ «ያዙ!» አልኩ። እማማ ውድነሽ ጸሎት ይዘዋል፤ መስኮታቸው ያፏጫል። ሁለተኛው ድንጋይ ጋ «ስንት ሆነ?» አልኩ።

አቶ በላቸው ሰዓታቸውን ደግመው አዩት። «ተመለስና ድገመው» አሉ። ደገምነው። ሰዓታቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ፤ መቆም አለመቆሙን ሊያረጋግጡ ነው። ከዚያ ተነሥተው ለተሳፋሪው ተናገሩ።

«ደቂቃ ተኩል መሙላት ነበረበት፤ ሁለቱንም ጊዜ አልሞላም። ብዙ ነው የጎደለው። ይህች መኪና አርባ እያለች አርባ አምስትንም አልፋለች። ቃላችን በአርባ ነበር፤ በአርባ አልተነዳም። ስለዚህ ፈረሱ አልተሸነፈም። ማሸነፉም ግን አልታየም። ቆጣሪዋን አስተካክሉ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ።» ፈረሱን ፈልገው የመጡ ሰው ናቸው እንዲህ የፈረዱት። ዛሬም ሳስበው ኮፍያዬን አነሣላቸዋለሁ።

ድልድዩ ላይ ስንመለስ ኦቦ ገመቹ ወርደው በቀጥታ ወደ ቦራ ሄዱ። ግንባራቸውን ግንባሩ ላይ አስደግፈው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ጎረቤታቸው ግን «ይቅርታ እየጠየቁት ነው» አለኝ። እኔ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ። አንዱ «አሁን አንድ ጊዜ በትክክለኛው አርባ ይሞከር» ቢል ተቆጡ። «ዛሬ ከጠየቅሁት በላይ ሮጦልኛል። ዛሬ ያርፋል» አሉ። ኮርቻውን ራሳቸው ትከሻ ላይ አድርገው፣ ፈረሱን ባዶውን እየሳቡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማታ ለሐጂ ከድር ነገርኳቸው። ሐጂ መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ቶሎ ብትደርስ ምን ጎዳህ? ለፈረስ ብዬ መኪናዬን ጋራዥ ላስቁም?»

«ሐጂ፣ መርፌዋ እኮ ሚዛን ናት። አርባ ሰጠሁ ትላለች፤ የምትሰጠው ግን ሌላ ነው» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። ሐጂ በየማለዳው ሱቃቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ ሚዛናቸውን የሚፈትሹ ሰው ናቸው፤ በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው እስኪሰለች ይጠብቃቸዋል። «ጉድለቱ ተሳፋሪው ላይ ነው?» አሉኝ።

«እንጦጦን ስወርድ ሠላሳ ነኝ ብዬ ከሠላሳ በላይ እወርዳለሁ። ተሳፋሪው ነፍሱን የሰጠኝ በዚያች መርፌ ነው።»

«አስተግፊሩላህ! ነገ ሳትውል ሳታድር አሠራት» አሉ። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ቡራዩ ላይ፣ በአምቦው መንገድ፣ ቆጣሪ የሚሠራ ጋሽ ወልዴ የሚባል መካኒክ ነበረ። አውቶቡሷ ሥር ገብቶ፣ ከካምቢዮው ወደ ቆጣሪዋ የሚሄደውን ሽቦ የምታዞረዋን ትንሽ ጥርሳም ብረት አወጣ። ከዕቃ ክምሩ ውስጥ ጥርሷ ያነሰ ሌላ ፈልጎ ገጠመ፤ ሽቦው ፈጠን ብሎ እንዲዞርና መርፌዋ ከፍ እንድትል ነው። ወጥተን በአምቦው መንገድ ድንጋዮች መሃል ሞከርናት፤ አሁን ደግሞ አበዛችው። መለሰ፤ ሌላ ገጠመ። እኔ ስለ ቦራ እያወራሁለት፣ እሱ እየተሳበ ሲገባና ሲወጣ ቀኑ አለቀ። በመጨረሻ መርፌዋ አርባ ስትል ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ደቂቃ ተኩል ልክ ሞላ። ጋሽ ወልዴ እጁን እየጠረገ፣ «ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ» አለኝ። መጣም።

ቅዳሜ ሜዳው ሰው በሰው ሆነ። ሐጂ ከድር ሱቃቸውን ዘግተው ተሳፍረዋል። አቶ በላቸው ከአጠገቤ ተቀምጠው መርፌዋን ይጠብቃሉ። ኦቦ ገመቹ በቦራ ላይ ሆነው ወደ መስኮቴ ተጠጉ።

«ታደሰ፣ ተስተካክላለች?»

«ይግቡና ይዩዋት።»

ፈገግ አሉ። «እሷን እያየሁ ቦራን ማን ይጋልበዋል? አንተ እይልኝ» አሉ። ያቺን ቃል ስሰማ ደረቴ ሞቀ።

ተነሣን። አርባ። መስኮቱ ዝም አለ፤ እማማ ውድነሽ «ኧረ ዛሬ ሰላም ነው!» አሉ። የቦራ አንገት ከመስኮቴ ጎን ነው። ጽዷ ወደ ኋላ ቀረች፤ አንገቱ ከመስኮቴ ጎን ነው። አቶ በላቸው መርፌዋን መጠበቅ ረስተው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «አይዞህ! አይዞህ!» ይላሉ። እኔ ግን አልረሳሁም፤ አርባዋን እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኋት። ድልድዩ ላይ የፈረሱ ጆሮና የአውቶቡሷ አፍንጫ እኩል ገቡ። እልልታው ተራራውን ያናወጠው መሰለኝ።

አቶ በላቸው ወርደው ገመዳቸውን ጠቀለሉ። «ይሄ ለጋሪ አይሆንም። ባዝራዬን ግን ይዤ እመጣለሁ፣ አባ ቦራ» አሉ። ስሙን ያን ቀን መጀመሪያ የጠሩት እሳቸው ናቸው።

ኦቦ ገመቹ ከኮርቻው ሳይወርዱ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ። «ፈረስ የለህም፤ ስም ግን ይገባሃል። አንተ አባ አርባ ነህ» አሉኝ። በሱሉልታ እስከ ዛሬ ታደሰ የሚለኝ ጥቂት ሰው ነው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ነገር ላይ ፍረድ ተብያለሁ። ልጅ ከትምህርቱ ሲደክም፣ ባልደረባ ከሥራው ሲዘገይ፣ እኔም ራሴ ስደክም አይቻለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የለካነው በምን ነው? አንዳንዴ የደከመው ሰው ሆኖ ይገኛል፤ አልዋሻችሁም። አንዳንዴ ግን ክረምት ላይ ማንም ሳያስተውል ጎማው ተለውጧል። እናንተም በሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ወርዳችሁ ጎማውን እዩ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ግን የመርፌዋ ስህተት ብቻ አይደለም። የሚወዱትን ነገር በሐሰት ከማስቀረት በእውነት ማጣትን የመረጡት ሽማግሌ ናቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ብዙ ዓመት አለፈና ማረፋቸውን ሰማሁ። ቦራ ቀድሟቸው ሞቶ ነበር። የቦራን ልጅ፣ አቶ በላቸው ከባዝራቸው አስወልደው የሰጧቸውን ፈረስ፣ ኮርቻ ጭነው ከአስከሬናቸው ፊት ፊት ባዶውን ይስቡት ነበር። እኔ ለቀስተኛውን በአውቶቡሷ ጭኜ ከኋላ በእርምጃ እከተላለሁ። ከጽዷ እስከ ድልድዩ ስንሄድ ወንዱም ሴቱም ደረቱን እየመታ «አባ ቦራ ኮ! አባ ቦራ ኮ!» ይላል፤ አባ ቦራዬ ማለት ነው። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ እስከ መቃብሩ አዳመጥኩ። ገመቹ ብሎ የተጣራ አንድም ሰው አልሰማሁም።